የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ታሪክ፦ የአባቴን መታወቂያ ዘመን የሚነግረኝ አለ?

የከዚራ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ የእናቴን ሣጥን ስናራግፍ የአባቴ የሥራ መታወቂያ ተገኘ። ፎቶው ደብዝዟል፤ የተሰጠበት ቀንም ከኪስ ኪስ ሲዞር ተፍቆ ጠፍቷል። ጥርት ብሎ የሚነበበው የድርጅቱ ስም ብቻ ነው፤ በፈረንሳይኛም በአማርኛም «የጅቡቲ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር» ይላል። አባቴ ድሬዳዋ፣ ከጣቢያው ጋር በተያያዘው ወርክሾፕ ውስጥ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ነበር የሚሠራው። ካረፈ 11 ዓመት ሆነው። እናቴ «ይኼን ካርድ የሰጡት በተቀጠረ ጊዜ ነው፣ ከሶማሌ ጦርነት በፊት» ትላለች።

ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ካርዱን ይዛ «አያቴ የሚሠራበት ቤት መቼ ተሠራ? ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልስላት አጣሁ። ከጣቢያው አጥር ሥር ኳስ እየተጫወትኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። እናቴ ምሳ የምታቀርበው በባቡሩ ጩኸት ነበር። ይህን ሁሉ ሳውቅ የጣቢያውን ታሪክ ግን አላውቀውም፤ ይህ አሳፍሮኛል። የምታውቁትን ጻፉልኝ፤ አንድ ላይ ሰብስቤ ለእሷ አስቀምጥላታለሁ።

ናዝሬት 84

ጣሊያን አይደል እንዴ የሠራው? እኛ ጋ ያሉ ሰዎች እንደዚያ ነው የሚሉት።

ሐዲድ

አይደለም ወንድሜ። ጣሊያን ድሬዳዋ ሲገባ ባቡሩ ከተማው ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ስለሚምታታ ሁሉንም በእኛ አቆጣጠር አደርገዋለሁ። ድረ ገጽ ላይ «1902» የምታዩት የፈረንጁ ነው፤ በእኛ 1895 ማለት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1886 ነው። ዐፄ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር እንዲዘረጋ ፈቃድ ሰጡ። ኢልግ ስዊሳዊ መሐንዲስ ሲሆን የንጉሡ አማካሪም ነበር። አብሮት የሠራው ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኔ ነው። ፈቃዱ የ99 ዓመት ነበር፤ ሐሳቡም ትልቅ ነበር፦ መጀመሪያ ከጅቡቲ ሐረር፣ ቀጥሎ ከሐረር እንጦጦ፣ በመጨረሻ ከእንጦጦ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ። ልብ በሉ፣ በዚህ ውል ውስጥ ድሬዳዋ የሚባል ስም የለም።

ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ጥቅምት ላይ ተጀመረ። በረሃው ውኃ የለው፣ መሥመሩ የሚያልፈው በዒሳዎችና በአፋሮች የግጦሽ መሬት ላይ ነው፤ ሠራተኞቹ በተደጋጋሚ ጥቃት ደርሶባቸዋል። የብዙ ሰው ደም የፈሰሰበት ሐዲድ ነው፤ ስለዚያ በቂ አልተጻፈም ብዬ አምናለሁ። 310 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ታኅሣሥ 1895 ላይ አሁን ድሬዳዋ ካለችበት ሜዳ ደረሰ።

እዚያ ቆመ። የጣቢያው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ መቆም ነው፤ ጊዜ ሳገኝ እመለሳለሁ።

ጀጎል

ሐዲድ፣ ለምን ወደ ሐረር እንዳልወጣ ሳትነግረን አትሂድ። እኛ ሐረሪዎች ይህን ነገር ከአያት ስንሰማው ኖረናል። አያቴ «ባቡሩ ተራራውን አይቶ ፈራ» ትለን ነበር።

ሐዲድ

አያትህ እውነቷን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ። በመካከላቸው በመኪና መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ደንገጎን የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። ባቡር እንደ መኪና ዳገት አይወጣም፤ ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ ይንሸራተታል። ሐረር ለመውጣት ዋሻ መፈልፈል፣ ድልድይ መደርደር፣ መዞርና መጠማዘዝ ያስፈልግ ነበር። ኩባንያው ደግሞ ገና ድሬዳዋ ሳይደርስ ገንዘቡ እየተሟጠጠ ነበር። ስለዚህ ከተራራው ግርጌ መቅረት ተመረጠ፤ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። የሐረርን ዕቃ በግመልና በበቅሎ አውርዶ እዚህ ባቡር ላይ መጫን ይቻላል ተብሎ ነው።

ስሙ ግን አልሰነበተም። የአገሬው ሰው ሜዳውን ቀድሞ የሚጠራበት ስም ነበረው፤ ያ ስም አሸነፈ። ስለ ትርጉሙ ኦሮሞውም ሶማሌውም የየራሱ አፈታት አለው፤ እዚህ ክር ላይ ያንን ክርክር ባንከፍተው እመርጣለሁ።

ለጀጎል ስል አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ የሐረር ገዢ ራስ መኰንን ነበሩ፤ ሐረርም የንግድ ሁሉ እምብርት ነበረች፤ የቡናው፣ የቆዳው፣ የጫቱ። ባቡሩ ከግርጌ በመቅረቱ ያ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። ሐረር ግንቧንና መስጊዶቿን ይዛ ቀረች፤ መጋዘኑ፣ ጉምሩኩና የውጭ አገሩ ነጋዴ ወደ ድሬ ሄደ። ለአንዲት ጥንታዊት ከተማ ከባድ ነገር ነው።

ጀጎል

አመሰግናለሁ። ከባድ ነው ማለትህ ለእኔ በቂዬ ነው። ብዙ ሰው ድሬን ሲያወድስ ያኛውን ወገን ይረሳዋል።

የደወሌ መንገድ

ሰላም፣ እኔ ሴት ነኝ፣ የድሬ መጋላ ሰፈር ልጅ። የዐፄ ምኒልክን ዘመን አላውቅም፤ እናቴን ግን አውቃለሁ። እናቴ በባቡር ነግዳ ነው ስድስታችንን ያሳደገችን። ድሬ ትሳፈራለች፤ ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ፣ ከዚያ ጅቡቲ። ስትሄድ አትክልትና ፍራፍሬ ትይዛለች፤ ስትመለስ ልብስ፣ ሽቶ፣ ሩዝ፣ ወተት ዱቄት። ቀሚስ በቀሚስ ላይ ደርባ አራት አምስት ለብሳ ትመጣለች፤ ያን በመሰለ ሙቀት! ፊናንሶች (የጉምሩክ ጠባቂዎች) ፉርጎ ውስጥ ሲገቡ የሴቶቹ ወሬ ባንዴ ጸጥ ይላል ትለን ነበር። አንዳንዴ ያስጥሏታል፤ ባዶ እጇን ትመጣለች። በሳምንቱ ግን ተበድራ እንደገና ትሳፈራለች።

ጣቢያው በር ላይ እንጠብቃታለን። ፈጢራ የሚጋገርበት ሽታ፣ የኩሊዎቹ ጩኸት፣ የጋሪ ፈረሶች። ባቡሩ የሚመጣበት ሰዓት አይታወቅም፤ ማታ ይመጣል የተባለ ንጋት ላይ ይደርሳል። በረንዳው ላይ ካርቶን አንጥፈን ተኝተን እናውቃለን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ ዐረብኛ ባንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚሰማው እዚያ በረንዳ ላይ ነበር። እኔ ቋንቋ የተማርኩት እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ንጉሥና ስለ ኩባንያ ይጽፋሉ። ያን ባቡር ያኖሩት ግን እንደ እናቴ ያሉ ሴቶች ናቸው። ይህም ለልጅህ ይጻፍላት።

የከዚራ ልጅ

እህቴ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የምጽፈው። የእኔም አክስት እንዲሁ ነበረች።

ናዝሬት 84

እኔ ይቅርታ፣ ጣሊያን ያልኩት ተሳስቼ ነው። ግን ከድሬ እስከ አዲስ አበባ ያለውስ? እሱም ያኔ ነው የተሠራው?

ሐዲድ

ተመልሻለሁ። ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ባቡሩ እዚያ ስለ ቆመ ነው፤ የቆመውም ለሰባት ዓመት ያህል ነው። ገንዘብ ብቻ አልነበረም ምክንያቱ። በ1894 የፈረንሳይ መንግሥት ለኩባንያው ድጎማ ሰጥቶ በምትኩ ትልቅ ሥልጣን ያዘ። ዐፄ ምኒልክ ይህን ሲያውቁ ተቆጡ። ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ በዞረ መንገድ የባዕድ መንግሥት እጅ ገባ ማለት ነዋ! እንግሊዝና ጣሊያንም መሥመሩ የፈረንሳይ ብቻ እንዳይሆን ይገፉ ነበር። በዚህ መሀል ኩባንያው በ1899 ግድም ከሰረ። ከዚያ የንጉሡ ሐኪም የነበሩት የጓድሎፑ ተወላጅ ዶክተር ቪታሊዬን ገብተውበት አዲስ ፈቃድ ወጣ፤ አዲስ ኩባንያም ተቋቋመ፣ «የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር»። ከድሬ ወደ ምዕራብ ሁርሶ፣ ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ እያለ በ1909 አዲስ አበባ ገባ። ጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር። አዲስ አበባ ያለው የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ ራሱ የተመረቀው በ1922 ነው። ከድሬ ጋር ስታስተያዩት ታናሽ ወንድም ነው።

አሁን አስቡት። ለእነዚያ ሰባት ዓመታት ከባሕር የመጣ ዕቃ በሙሉ ድሬ ላይ ይራገፋል፤ ከመሀል አገር የመጣው ቡናና ቆዳ በሙሉ ድሬ ላይ ይጫናል። ግመል ከባቡር የሚገናኝበት የመጨረሻው ጣቢያ እሷ ነበረች። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ዐረቡ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ ሱቅ የከፈተው ያኔ ነው። የከዚራ ሰፈር ከጣቢያው አደባባይ ተነሥቶ በቀጥታ ጎዳና የተቀየሰው ለዚህ ነው፤ ቅያሱን ቆሞ ላየው ሰው መንገዶቹ ወደ ጣቢያው ይመለሳሉ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ እንደ ነጋዴው ኑሮ ጠመዝማዛ ሆኖ አደገ። ሌላ ከተማ ጣቢያ ይሠራለታል፤ እዚህ ግን ጣቢያው ነው ከተማውን የሠራው።

አዲስ አበባ ከተደረሰ በኋላም ባቡሩ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጃል፤ መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ያለው ቡፌ ዳዋሽም፣ ድሬ የነበረው የጣቢያ ቡፌም የመጡት ከዚያ ነው። በ1923 ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የመጡት የውጭ እንግዶች የተጓዙት በዚሁ መሥመር ነው። ሚያዝያ 1928 ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ስደት ሲሄዱ ያለፉትም በዚሁ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ የጣሊያን ጦር ከሁለት በኩል፣ ከአዲስ አበባ በባቡር፣ ከሐረር በመኪና መጥቶ ድሬ ላይ ተገናኘ። የዘውዱ እንግዶች፣ የስደቱ ባቡርና የወራሪው ጦር ያለፉት በአንድ ሐዲድ ላይ ነው።

ጡረተኛው

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ይህን ያነበበልኝ የልጅ ልጄ ነው፤ የሚጽፍልኝም እሱ ነው። እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ እንጂ ወርክሾፕ አልነበርኩም፤ 31 ዓመት አገልግያለሁ።

የከዚራ ልጅ፣ የካርዱን ነገር ልንገርህ። እናትህም አልዋሸችም፣ ካርዱም አልዋሸም። የሶማሌ ጦር ድሬን የወጋው በ1969 ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ድርጅቱ ገና «ፍራንኮ ኢትዮጵያ» ነበር የሚባለው። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ነው፤ የፈረንሳይ ስም ወጥቶ የጅቡቲ የገባው ደግሞ በ1973 በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት ነው። ስለዚህ «ጅቡቲ ኢትዮጵያ» የሚል ካርድ ከጦርነቱ በፊት ሊሰጥ አይችልም። አባትህ ከጦርነቱ በፊት ተቀጥሮ ይሆናል፤ ይህ ካርድ ግን ስሙ ከተለወጠ በኋላ የተሰጠው ነው። የመጀመሪያው ካርድ ሌላ ነበር። ሣጥኑን ደግማችሁ ፈልጉ።

የከዚራ ልጅ

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን! እናቴ ፊት ነው ያነበብኩት። «እንግዲያ የመጀመሪያውስ የት ሄደ?» ብላ ሣጥኑን ድጋሚ ከፍታዋለች። እባክዎ ስለ ጦርነቱ ጊዜ የሚያስታውሱትን ይንገሩን።

ጡረተኛው

እርስዎ አትበለኝ፤ ድሬ ልጆች መሀል አንቱታ የለም። አንተ በለኝ፣ አቦ!

የጦርነቱ ነገር እንዲህ ነው። ድሬ ከመወጋቷ በፊት ገና ክረምቱ ሲገባ ድልድዮች በፈንጂ ተመትተው ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መሥመር ተቆርጦ ነበር። ባቡር ስንል አገሪቱ ወደ ባሕር የምትተነፍስበት አፍንጫ ነው፤ ያ ታፈነ። ከሁሉ የሚከብደው መለዋወጫ ነበር። ከፈረንሳይ ይመጣ የነበረው ዕቃ በየት ይግባ? ወርክሾፑ ባይኖር ያኔ ሁሉ ነገር ይቆም ነበር። የተሰበረውን እያዩ፣ እየለኩ፣ ቶርኖ ላይ እየቀረጹ ያወጡ ነበር። እኔ ሞተሩን አመጣለሁ፣ እነሱ ገላልጠው ያዩታል፤ በሦስተኛው ቀን ይነሣል። የእነዚያን ሰዎች እጅ አሁንም በዓይኔ አየዋለሁ።

ደግሞ ሌላ ቀን አለ። ጥር 1977፣ አዋሽ አጠገብ ድልድይ ላይ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚያ ብዙ አልናገርም። የሥራ ጓደኞቼ ነበሩበት።

መሐንዲስ

አባት፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

በሙያዬ በኩል ትንሽ ላክል። የድሮው ሐዲድ በሁለቱ ብረት መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የተዘረጋው የአዲሱ ደግሞ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር። የድሮው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ፣ የአዲሱም በድሮው ሊሄድ አይችልም። የድሬ የድሮውና አዲሱ ጣቢያ ያልተገናኙት ግን በዚህ ብቻ አይደለም። ጠባቡ ሐዲድ በትንሽ ወጪ ተጠማዝዞ እንዲያልፍ የተመረጠ ነው፤ ስለዚህ ከተማ መሀል ይገባል። ሰፊውና ፈጣኑ ረጋ ያለ ኩርባ ስለሚፈልግ ከከተማ ውጭ ሜዳ ላይ ተዘረጋ። ሌላው ሳይነገር የሚቀር ነገር፣ የድሮው ሐዲድ ጋድሞች (ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚደረደሩት) አብዛኛው ብረት ነው። እንጨት ቢሆን ምስጥ ይጨርሰው ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም ሽንሌ መንገድ ላይ አሸዋ ውስጥ ታዩታላችሁ።

አዲሱ መሥመር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። መስከረም 2009 ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ደግሞ ታኅሣሥ 2010 ላይ ነው።

የደወሌ መንገድ

በአዲሱ ሄጃለሁ። ንጹሕ ነው፣ ፈጣን ነው፣ አልጠላሁትም። እናቴን አብሬ ይዤ ነበር። ጣቢያው ከከተማ ስለሚርቅ መጀመሪያ መኪና ይዘን ነው የሄድነው። ሕንፃው ሰፊ ነው፤ እሷ ግን ደጋግማ «ሰው የት አለ?» ትለኝ ነበር። ሰው ነበረ፤ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በጸጥታ ይጠብቃል። እሷ የፈለገችው ያንን በረንዳ ነው። አዲጋላ ላይ ባቡሩ ቆሞ ወተትና እንቁላል የሚሸጡ ልጆች የሚሮጡበትን።

ጠባቡ ባቡር ከቆመ ወዲህ የትንንሾቹ ጣቢያ ከተሞች ነገር ያንገበግበኛል። ባቡር ውኃ ያመጣላቸው ነበር፤ ገበያም ያመጣላቸው ነበር።

ሐዲድ

ትክክል ነው። የአዲስ አበባና የድሬ መሥመር በ2000 ዓ.ም ግድም ነው አገልግሎቱ የተቋረጠው፤ ከድሬ ወደ ጅቡቲ ድንበር ያለው ትንሽ ቆይቶ፣ አልፎ አልፎም እየተንቀሳቀሰ ዘለቀ። ድሬ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ነበረች ማለት ነው።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ጣቢያው ከነወርክሾፑ መጠበቅ አለበት። የፊት ለፊቱን ሕንፃ ቀለም ቀብቶ ማሳየት ብቻ አይበቃም። ዋናው ሀብት ከኋላ ያለው ነው፤ የመቶ ዓመት ዕድሜ ያላቸው ማሽኖች፣ ሞተሮች፣ ፉርጎዎች። እዚያ ማሽን ላይ የቆመ ሰው በሕይወት እያለ «ይህ ለምን ነው? ይህን እንዴት ታስነሣዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅና የሚቀዳ ያስፈልጋል። ማሽን ያለ ሰው ብረት ነው።

ጀጎል

በዚህ እስማማለሁ። እኔ ከሐረር ሁለት ልጆች ይዤ ለመቅዳት እመጣለሁ፤ ካሜራ አለን።

ናዝሬት 84

የእኛም ጣቢያ አለ፣ አዳማ ላይ። ከዚህ ወዲህ በደንብ አየዋለሁ።

የከዚራ ልጅ

ወገኖቼ፣ ተገኘ! ከሣጥኑ ሥር፣ የዳዊቱ ሽፋን ውስጥ ተጣጥፎ። የፈረንሳይኛው ስም «ፍራንኮ ኢትዮጵያ» ይላል፤ ቀኑም ይነበባል፣ 1966። እናቴ ልክ ነበረች። አሁን ሁለቱም ካርዶች ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በአንደኛው ፎቶ ላይ ጢም የለውም፣ በሁለተኛው አለው።

አባባ፣ ይቅርታ፣ አንተ ማለት አልቻልኩም። የአባቴን ስም በውስጥ መልእክት ልኬልዎታለሁ።

ጡረተኛው

ስሙ ደርሶኛል። አውቀዋለሁ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሥራ ላይ የማይናገር። በጦርነቱ ጊዜ የሞተሬን የውኃ ፓምፕ ዘንግ የሠራልኝ እሱ ነው። የተሰበረውን በእጁ ይዞ ብዙ ሳያወራ «ነገ ና» አለኝ። በማግስቱ ስመጣ በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ገና ትኩስ ነበር። ያ ሞተር በዚያ ዘንግ ዓመታት ሄዷል።

ከወርክሾፑ ሰዎች እኔ የማውቃቸው ሦስት ቀርተዋል። ሁለቱ ድሬ ናቸው፤ አንዱ ዓይኑ ደክሟል፣ ጆሮው ግን ጤና ነው። የካሜራው ልጅ ከሐረር ይምጣ። ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ በሚመጣው እሑድ ከጣቢያው ፊት ለፊት የድሬዳዋ ዛፍ ሥር እንጠብቃችኋለን። ሁለቱንም ካርዶች ይዘህ ና፤ ልጅቷንም አምጣት።

የከዚራ ልጅ

እንመጣለን። ሽማግሌዎቹ ከቤት የሚያመጣቸው ሰው ከሌለ ባጃጅ እልካለሁ፤ ሰፈራቸውን በውስጥ መልእክት ይጻፉልኝ።